ከማርሚታው በፊት ፍሬኑ!
እኛ የደባርቅ ልጆች መኪና ስናገኝ ምን እናስቀድማለን? ቸርኬ፣ ስፖይለር፣ የሚጮህ ማርሚታ! በውድድር መም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልንነዳ ስናስብም ያው ነን። ፍሬን ዘይቱን ማን ያስታውሰው?

ሊማሊሞን ወደ ዛሪማ ስንወርድ የሚሸተን የተቃጠለ ሸራ ግን አስተምሮን ነበር። ፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ከፈላ እንፋሎቱ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም! የጭነት መኪና ሹፌሮቻችን በከባድ ማርሽ የሚወርዱት ወደው መሰላችሁ?

ዘይቱን እንቀይር፣ ሸራና ጎማውን እንይ፣ የጎማውን ብሎኖች እናጥብቅ፣ ከኋላ ያለውን ክሪክና ትርኪምርኪ እናውርድ። ልምምዱን ሊማሊሞ ላይ ልናደርግ የሚቃጣን ካለን ደግሞ እንተወው፤ መንገዱ የእግረኛውም የከብቱም ነው።