«የራስሽ ደም ነው፣ ምን ያስፈራል?» የፒአርፒ ማስታወቂያዎች የማይነግሩን ነገር

ቲክቶክ ላይ ትንሽ ከቆያችሁ ይህ ቪዲዮ ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። ከክንድ ደም ይቀዳል፣ ቱቦው ማሽን ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል፣ ሲወጣ ከላይ ወርቃማ ፈሳሽ ይታያል፣ ከዚያ ፊት ወይም የራስ ቆዳ ላይ ይወጋል። ከስር ደግሞ «ፀጉር ይመልሳል፣ ጠባሳ ያጠፋል፣ የራስሽ ደም ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም» የሚል ጽሑፍ አለ።

ሕክምናው ፒአርፒ ይባላል። ለፊት ሲሆን «ቫምፓየር ፌሻል» የሚል ስም ወጥቶለታል። ኪም ካርዳሺያን በ2013 ፊቷ በደም ተሸፍኖ የሚታይበትን ፎቶ ከለጠፈች በኋላ ስሙ ዓለምን አዳረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዛሬ የምንመረምረው ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነው። የራስ ደም ስለሆነ በእርግጥ ጉዳት የለውም? አጭሩ መልስ፦ ቱቦው ውስጥ ያለው በትክክል የናንተ ደም ከሆነ፣ እናንተን የነካው ዕቃም ሁሉ ንፁህ ከሆነ ብቻ።

🔴 አሜሪካ ውስጥ ምን ተፈጠረ?

ቦታው ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አልበከርኪ ከተማ ነው። በ2018 አጋማሽ በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች አንዲት ሴት ስትመረመር ኤችአይቪ ተገኘባት። አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ አትወስድም፣ በቅርብ ጊዜ ደም አልተሰጣትም፣ የፍቅር ጓደኛዋም ተመርምሮ ነፃ ነው። የተለየ ነገር ቢኖር ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ስፓ ሄዳ ቫምፓየር ፌሻል መሠራቷ ነበር።

ተቆጣጣሪዎች ስፓው ሲገቡ ያዩት ነገር ይዘገንናል። ስም ያልተጻፈባቸው ደም የያዙ ቱቦዎች ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ሌሎች ደም ያለባቸው ቱቦዎች ፍሪጅ ውስጥ ከምግብ ጋር ተቀምጠዋል። ከማሸጊያቸው የወጡ ሲሪንጆች በየመሳቢያው አሉ። አንድ ጊዜ ተሠርቶባቸው መጣል ያለባቸው ዕቃዎች ላያቸው እየተወለወለ እንደገና ያገለግሉ ነበር። ስፓው ለዚህ ሥራ ፈቃድ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ ባለቤቷም በ2022 ያለ ፈቃድ ሕክምና በመስጠት ጥፋተኝነቷን አምና የሦስት ዓመት ተኩል እስር ተፈረደባት።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ሙሉ ሪፖርቱን ያወጣው በ2024 ነው። ሦስት ሴቶች ኤችአይቪ የያዛቸው እዚያው ስፓ ሳይሆን እንዳልቀረ ደምድሟል። ንፅህናው ካልተጠበቀ የውበት መርፌ ጋር የኤችአይቪ መተላለፍ ሲያያዝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቫይረሱ በየትኛው ዕቃ እንደተላለፈ በትክክል ማወቅ አልተቻለም። ስፓው የደንበኞቹን አድራሻ በአግባቡ ስለማይዝ ሰዎቹን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ዓመታት ፈጅቷል።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሴቶችም የገቡት «የራሴ ደም ነው» ብለው ነው።

🔴 ፒአርፒ ምንድነው? እንዴት ይዘጋጃል?

ሐሳቡ የማጭበርበሪያ ፈጠራ አይደለም። ደማችን ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ በጣም ትንንሽ አካላት አሉ። ስንቆረጥ ተሰብስበው ደሙ እንዲረጋ ያደርጋሉ። በዚያው ጊዜ የቆሰለው ቦታ እንዲጠገን ሌሎች ሴሎችን የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕላትሌት አለው። ታዲያ እነሱን አብዝተን የተጎዳው ቦታ ላይ ብናደርግስ? የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች በ1990ዎቹ ይህንን መንጋጋ ላይ አጥንት ሲተክሉ ሞከሩት። ብዙ ባለሙያዎች ጥሩ ፒአርፒ የሚሉት ፕላትሌቱ በማይክሮሊትር ወደ 1 ሚሊዮን ሲደርስ ነው።

አሠራሩ በጥቂቱ ይህን ይመስላል፦

1️⃣ ደሙ የሚቀዳው እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲትሬት ባለበት ንፁህ ቱቦ ነው።
2️⃣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል። ቀይ ሴሎች ከታች፣ ስስ ነጭ ንብርብር ከመሃል፣ ፕላዝማ ከላይ ይሆናሉ።
3️⃣ የላይኛው ፈሳሽ ወደ ሌላ ንፁህ ቱቦ ተወስዶ በኃይል ይሽከረከራል። ፕላትሌቶቹ ታች ይሰበሰባሉ።
4️⃣ የላይኛው አብዛኛው ፕላዝማ ይወገዳል። ታች የቀረው ትንሽ ፈሳሽ ነው ፒአርፒ የሚባለው።

ቪዲዮው የማያሳየን ነገር እዚህ ጋ አለ። ያ የሚያምረው ወርቃማ ቀለም የፕላዝማ ቀለም ነው። ፕላትሌት በዓይን አይታይም። ተወግዶ የሚጣለውም ፕላዝማ ያው ወርቃማ ነው። ማሽኑ በተሳሳተ ፍጥነት ከዞረ ፕላትሌቱ ከቀይ ሴሎቹ ጋር ታች ይቀራል፣ ለእናንተ የሚወጋው ባዶ ፕላዝማ ሊሆን ይችላል። «3,000 ዙር በደቂቃ» ማለት ብቻውንም አይበቃም፤ ደሙ ላይ የሚያርፈው ኃይል እንደ ማሽኑ ስፋት ይለያያል። ቀለሙን አይታችሁ «ተሠራልኝ» ማለት አትችሉም።

በዚያ ላይ ከደረጃ ወደ ደረጃ ደሙ ከቱቦ ወደ ቱቦ፣ ከሲሪንጅ ወደ ሲሪንጅ ይሄዳል። እያንዳንዱ ዝውውር ጀርም የሚገባበት ወይም ቱቦ ከቱቦ የሚምታታበት ዕድል ነው።

🔴 እሺ፣ በደንብ ከተዘጋጀስ ይሠራል?

እንደ ችግሩ ይለያያል። አውስትራሊያ ውስጥ የጉልበት አርትራይተስ ባለባቸው 288 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ፒአርፒ የተወጉትን የጨው ውሃ ከተወጉት ጋር አነጻጸረ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሕመሙም ሆነ በመገጣጠሚያው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ውጤቱ የወጣው በ2021 ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ የተረከዝ ጅማት ሕመም ላይ የተሠራው ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አገኘ።

በሌላ በኩል የአሜሪካው የአረጋውያን የጤና መድን ሜዲኬር በስኳር በሽታ ምክንያት አልድን ላለ ቁስል ለፒአርፒ መክፈል የጀመረው እዚያው 2021 ላይ ነው። ለፀጉር ደግሞ ተስፋ የሚሰጡ ትንንሽ ጥናቶች አሉ፤ ግን አንዱ ያዘጋጀበት መንገድ ከሌላው ስለሚለይ ውጤቱን ማወዳደር ይከብዳል። ስለዚህ «መቶ በመቶ» ብሎ ቃል የሚገባላችሁን ሰው ተጠራጠሩ።

🔴 ጉዳዩ እኛን ለምን ይመለከታል?

ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበብ ነበረን። «ምላጭና መርፌ በጋራ አንጠቀም» የሚለውን በቃላችን ይዘነዋል። ቤታችን ምላጭ እንለያለን። ያው መርፌ ደማቅ መብራትና ነጭ ጋውን ሲጨመርበት ግን ጥያቄ መጠየቅ እናፍራለን። ሄፓታይተስ ቢንም አትርሱ፤ ይህ የጉበት ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ዕቃ ላይ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል።

ፒአርፒን በአግባቡ የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ። እነሱ እነዚህን ጥያቄዎች ስትጠይቋቸው አይከፋቸውም፦

✅ ተቋሙ የጤና ተቋም ፈቃድ፣ የሚወጋችሁ ሰውስ የሙያ ፈቃድ አለው? የውበት ሳሎን ንግድ ፈቃድ የክሊኒክ ፈቃድ አይደለም።
✅ ደሙ እንደተቀዳ ቱቦው ላይ ስማችሁ እዚያው ፊታችሁ ተጻፈ? ከመወጋታችሁ በፊትስ ስሙ ተነበበ?
✅ ሲሪንጁ፣ ቱቦውና የማይክሮኒድሊንግ መርፌው ከማሸጊያው የተከፈተው እያያችሁ ነው? ሲያልቅስ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ገባ?
✅ ስለ ደም ማነስ፣ ስለ ፕላትሌት ማነስ፣ ስለምትወስዱት መድኃኒት ጠየቋችሁ? አስፕሪን የፕላትሌትን ሥራ ያዳክማል። ምንም ሳይጠይቅ መርፌ የሚያነሳን ሰው አመስግናችሁ ውጡ።

ከዚህ በፊት ተሠርታችሁ ንፅህናው ያጠራጠራችሁ ካላችሁ አትደንግጡ፣ ግን ዝም አትበሉ። የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ምርመራ አድርጉ። ነገሩ ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ የሆነ ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።

ደሙ የራሳችን ቢሆንም መርፌውም ቱቦውም የሌላ ሰው እጅ ላይ ነው ያለው። ይህንን ጽሑፍ ቀጠሮ ለያዘች እህታችሁ ወይም ፀጉሩ ለሳሳበት ጓደኛችሁ ላኩለት። ያጋጠማችሁ ነገር ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ስማችሁን አንጠቅስም።