ሁለት ባላ ትከል



ሽማግሌዎቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ይህ ምክር ለኮምፒዩተርም እንደሚያገለግል የተረዳሁት በዚህ ዓመት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወላጆቼ በ1998 ዓ.ም. ሲጋቡ አያቴ የመረቁበት ድምፅ የሚገኘው በአንድ የሠርግ ዲቪዲ ላይ ብቻ ነው። አያቴ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ዲስኩም ተጭሯል፤ የቤታችን ላፕቶፕ ደግሞ የዲስክ ማንበቢያ የለውም። ስለዚህ እኛ የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች ከዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አውጥተን ሁለት የዲቪዲ ማንበቢያ ገጠምንበት። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ግን አንዱም አልታየም። ወዲያውም «ተበላሽተዋል፤ ይጣሉ» ተባለ።

እኔ እንዲህ ያለውን የችኮላ ፍርድ እቃወማለሁ። አይዲኢ በሚባለው በቀድሞው አሠራር በአንድ ጠፍጣፋ ኬብል ላይ ሁለት መሣሪያ ይገጠማል። አንደኛው ማስተር፣ ሁለተኛው ስሌቭ መሆን አለበት፤ ይህም የሚወሰነው ከበስተጀርባ በምትሰካው ጃምፐር በምትባል ትንሽ ነገር ነው። የእኛዎቹ ሁለቱም ማስተር ተደርገው ኖሮ ይጋጩ ነበር። የአንዱን ጃምፐር ብናዛውር ሁለቱም ታዩ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በመጣው ሳታ ግን እያንዳንዱ የራሱ ኬብል ስላለው ይህ ጠብ የለም፤ በማዘርቦርዱ ላይ ትርፍ መሰኪያ፣ ከፓወር ሰፕላዩም ትርፍ ገመድ ከተገኘ ይበቃል።

«ሁለት ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖራል። አንዱ ማንበቢያ እምቢ ያለውን ዲስክ ሌላው ሊያነበው ስለሚችል ነው። የአያቴን ዲስክ የመጀመሪያው አልተቀበለውም፤ ሁለተኛው ግን አነበበው። ሆኖም ሁለቱ በአንድ አይዲኢ ኬብል ላይ ሲሆኑ ተራ በተራ እንጂ በአንድ ጊዜ መረጃ ስለማያስተላልፉ፣ ከዲስክ ወደ ዲስክ ከመገልበጥ አስቀድሞ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይሻላል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የዲስክ ዘመን አልፏል፤ ፍላሽ ይበቃናል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሲዲ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ የሚይዘውም 700 ሜጋባይት ያህል ነው። ተራው ዲቪዲም ከ4.7 ጊጋባይት አያልፍም። ነገር ግን ዘመኑ ቢያልፍም በላዩ የተቀረጸው ሠርግ፣ ምርቃትና መዝሙር በራሱ እግር ተራምዶ ወደ ፍላሽ አይገባም። የሚያሻግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የትምህርት ቤታችን አስተዳደር አሮጌዎቹን ዴስክቶፖች ከማስወገዱ በፊት፣ ሁለት ማንበቢያ ያለው አንድ ኮምፒዩተር ለክበባችን እንዲተውልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ወላጆችም ዲስኮቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እኛ በሁለት ቅጂ እንመልስላችኋለን።

የአያቴ ምርቃት ዛሬ በሃርድ ዲስክም በፍላሽም ይገኛል። እናቴ በሰማችው ጊዜ አለቀሰች። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ «ይጣል» ከማለታችን በፊት ጃምፐሯን እንመልከት!