ዓመቱን በሰዓት

የዚህ እትም ዐቢይ ጽሑፍ ስለ ታይዋን ተወላጁ የክዋኔ ጥበብ ባለሙያ ቴህቺንግ ሽዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ፊላደልፊያ አጠገብ ከሚሠራበት መርከብ ጠፍቶ አሜሪካ ገባ፤ እስከ 1988 ያለ መኖሪያ ፈቃድ ኖረ። ለጥበብ ሥራው ሲል ከ1980 እስከ 1981 ዓመቱን ሙሉ፣ ቀንም ሌሊትም፣ በየሰዓቱ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ካርዱን በሰዓት መቆጣጠሪያ ያስመታ ነበር። ጸጉሩን ተላጭቶ ጀመረ፤ በየሰዓቱ አንድ ምስል የሚያነሳው ካሜራ ዓመቱን ወደ ስድስት ደቂቃ ያህል ፊልም ሲያሳጥረው፣ ጸጉሩ ትከሻው ላይ ሲወርድ ይታያል። ከ8,760 ሰዓታት ያመለጡት 133 ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም እንቅልፍ ጥሎት። «ይህ ጥበብ ነው ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለእኔ፣ የስደተኛን ጊዜ እንዲህ በገዛ አካሉ ያሳየ ሌላ የጥበብ ሰው የለም። ከ1986 ጀምሮ ለ13 ዓመታት ሥራውን ለሕዝብ ላለማሳየት መወሰኑንም ጽሑፉ በሰፊው ያነሳል።