ማይክሮፎን ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት

ድሮ ለእንግድነት የተጠራ ሰው የሚጨነቀው ምን ለብሶ እንደሚሄድና ምን ይዞ እንደሚገባ ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ዓይነት ጥሪ መጥቶልናል። ሁለት ወጣቶች አንድ ክፍል ይከራዩና፥ ሁለት ማይክሮፎን ዘርግተው፥ «ቅዳሜ የፖድካስታችን እንግዳ ሁኑልን» ይላሉ። ጥሪው አዲስ አበባን አልፎ እኛ ዘንድ፥ ሆሳዕናና ዱራሜ ድረስ ደርሷል። ተማሪም ብትሆኑ፥ ትናንት የተቀጠራችሁ የመንግሥት ሠራተኛም ብትሆኑ፥ አንድ ቀን መጠራታችሁ አይቀርምና ስለ ዝግጅቱ ጥቂት ላጫውታችሁ።

ፖድካስት የሚለው ቃል በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። በ1996 ዓ.ም. ቤን ሐመርስሊ የተባለ ጋዜጠኛ በእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ጻፈው፤ አይፖድ ከተባለው የሙዚቃ ማጫወቻና ስርጭት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተዋሐደ ነው። ልማዱ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ላይ፥ በመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ዝግጅት፥ ሰዎች የሕይወታቸውን ታሪክ ሳምንት ከሳምንት ሲያወጉ ሰምተን አድገናል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የሬዲዮ ወሬ ሰዓቱ ካለፈ ብዙውን ጊዜ ያልፋል፤ ፖድካስት ግን ተቀምጦ ይቆያል፥ ከዓመት በኋላም የፈለገ ሰው ይከፍተዋል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚለው ተረት እንደ ዛሬ እውነት ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የጠሪዎቻችሁን የቀድሞ ጭውውት ሁለት ሦስቱን አዳምጡ። ጠያቂው ቸኩሎ የሚያቋርጥ ይሁን ወይስ ታግሦ የሚያስጨርስ፥ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ። በማይክሮፎኑና በአፋችሁ መካከል ከስንዝር ጥቂት ያነሰ ርቀት ይኑር፤ አፋችሁንም ትንሽ ወደ ጎን አድርጉ፤ አለዚያ «ፐ» ባላችሁ ቍጥር ትንፋሻችሁ እንደ ነፋስ ይገባበታል። ክፍሉ ባዶ ግድግዳ ከሆነ ድምፅ ያስተጋባል፤ መጋረጃ ወይም ምንጣፍ፥ ቢቸግር ጋቢም ቢሆን፥ ጩኸቱን ይውጠዋል። በእኛ አገር ክረምት ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ መደብደብ ከጀመረ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይሰማሙምና፥ ሰማዩ ሳይጠቍር ቀጠሮ ያዙ። ስልካችሁን ዝጉ፤ ውሃም አጠገባችሁ ይኑር።

መልሳችሁን በቃል አታጥኑ፤ የተጠና መልስ የፈተና ወረቀት ይመስላል። የምትጠቅሱትን ስምና ዓመተ ምሕረት ግን አጣርታችሁ በቍራጭ ወረቀት ጻፉ። ስለ ከተማችን ብትጠየቁ፥ ሆሳዕና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል እንደ ነበር፥ ዩኒቨርሲቲውም በዚሁ ስም እንደ ተጠራ፥ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም መቀመጫው እንደ ሆነች በልበ ሙሉነት መናገር ትችላላችሁ።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ዝግጅት ነው። ከባዱን ሳላደርግ ሄጄ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ከሀዲያና ከከምባታ የመጣ እንግዳ የማያመልጠው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የደቡብ አፍሪካ መንገድ ነው። እኔም ተጠየቅሁ። ትምህርቱን አቋርጦ ስለ ሄደ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አወራሁ። በመንገድ ላይ ታስሮ ብዙ ወራት እንደ ተሠቃየ በስልክ ነግሮኝ ነበርና፥ ያንን ዘርዝሬ ተናገርሁ። ስሙን አልጠራሁም፤ በዚህም ጠንቃቃ የሆንሁ መሰለኝ። ነገር ግን ስንተኛ ክፍል እንደ ነበረ፥ በየትኛው ዓመት እንደ ሄደ፥ አባቱ ምን ይሠራ እንደ ነበረ ተናግሬአለሁ። በትንሽ ከተማ ከዚህ የበለጠ ስም የለም።

በሳምንቱ እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አልተቆጡም። «መምህር፥ የልጄን ነገር ለእኔ ሳትነግረኝ ለአገር ነገርኸው?» አሉኝ። ልጁ ለእናቱ፥ «ሥራ ይዤ ስለ ነበር ነው የጠፋሁት» ብሏቸው ኖሯል። እንዳያለቅሱ የደበቀውን እኔ አወጣሁት። የምመልሰው አጣሁ። አዘጋጆቹ ለምኛቸው ያን ቦታ ቈርጠው ጣሉት፤ ግን ቀድሞ ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ ነበር።

ታዲያ ስለዚህ መንገድ ዝም እንበል ማለቴ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፥ በቴቴ ግዛት፥ ከማላዊ በመጣ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ስደተኞች ሞተው ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ይህ በአደባባይ የተነገረ ነገር ስለ ሆነ ማንም ሊጠቅሰው ይገባል፤ ወጣቱንም ያስተምራል። እኔም ይህንኑ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው በበቂ ይመለስ ነበር፤ የአንዲት እናት ገመናም አይገለጥም ነበር።

ስለዚህ እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት ማታ አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ በኩል «የራሴ»፥ በሌላው በኩል «የሰው» ብላችሁ ጻፉ። በእናንተ ላይ የደረሰው፥ ያነበባችሁት፥ የምታምኑበት ከመጀመሪያው በኩል ይገባል። የጓደኛችሁ ምሥጢር፥ የቤተሰባችሁ ጠብ፥ በመሥሪያ ቤት በእጃችሁ ያለፈው የባለጉዳይ ፋይል ከሁለተኛው ነው። ከሁለተኛው አንድ ነገር መናገር ካስፈለገ ባለቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ «እሺ» ካላለ ወረቀቱ ላይ ይቅር። ለአዘጋጆቹም፥ «ከመውጣቱ በፊት ላድምጠው፤ አስወግዱልኝ የምለው ቢኖር ታስወግዱልኛላችሁ?» ብላችሁ ገና ሳትቀመጡ ተስማሙ። ደግ ጠያቂ በዚህ አይከፋም።

ጥያቄው ከሁለተኛው ዓምድ ቢመጣባችሁ፥ «ይህን የመናገር መብት የእኔ አይደለም» ማለት ይበቃል። ለአፍታ ዝምታ ይሆናል፤ አትደንግጡ፤ ያ ዝምታ ማንንም አይጎዳም። እኔ ያን አንድ ዐረፍተ ነገር ባውቅ ኖሮ፥ ዛሬ በገበያ ቀን እኒያን እናት ሳይ መንገድ አልቀይርም ነበር።