የምን አስር ሺህ? የምን ኩንታል?

እ.ኤ.አ. በ2023 የሱዳኑ ጦርነት ከመፈንዳቱ በፊት ነው። መተማ ዮሐንስ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሁለት ሰዎች ስለ ሰሊጥ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ወጣቱ የገዳሪፍን ዋጋ በስልክ ጠይቆ፣ ወደ ብር መንዝሮ፣ «እዚህ የሚሰጡን ይበልጣል፤ ይሸጥ!» ይላል። አዛውንቱ ሻያቸውን አስቀመጡና፣ «የኔ ልጅ፣ የነገሩህ የኩንታል ነው የቀንጣር?» አሉት። አልጠየቀም ነበር። መልሶ ደወለ። የቀንጣር ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ኩንታል ስንል 100 ኪሎ ማለታችን ነው። ሱዳኖች ሰሊጥ የሚሸጡበት ቀንጣር ግን 100 ረጥል ነው፤ 45 ኪሎ ገደማ። ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ ሲሆን ደግሞ ያው ቀንጣር 315 ረጥል ይሆናል፤ ከ140 ኪሎ በላይ! ጉዱ፣ ኩንታልና ቀንጣር የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ነው። የአውሮፓው ኩንታል ከዐረቡ ቂንጣር የተወሰደ ቃል ነው። ስማቸው ይመሳሰላል፣ ሚዛናቸው አይገናኝም። ለመሆኑ በመሃል የምትሰወረው 55 ኪሎ የማን ኪስ ትገባለች? የገበሬው እንዳልሆነች እናውቃለን።

ገንዘቡም ከዚህ አይሻልም። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1992 ዲናር አወጣች፤ አንዱ ዲናር በ10 ጊኒ (ፓውንድ)። በ2007 ደግሞ አዲስ ጊኒ አተመች፤ አንዱ በ100 ዲናር፣ ማለትም በ1000 አሮጌ ጊኒ። የሰው አፍ ግን በባንክ መመሪያ አይቀየርም፤ ብዙው ሕዝብ በአሮጌው መቁጠሩን ቀጠለ። እኚሁ አዛውንት እንዳጫወቱኝ፣ በዚያ ሰሞን ለአረም ድንበር የተሻገረ አንድ የመንደራቸው ልጅ በ«አስር ሺህ» ተስማማ። ሥራውን ጨርሶ እጁን ሲዘረጋ 10 ጊኒ ተቆጠረለት። ቀጣሪው አልዋሸም! የምን አስር ሺህ እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም።

የእኛ ሹማምንትስ ምን ላይ ናቸው? ሪፖርት ሲያነቡ «ይህን ያህል ሺህ ኩንታሎች»፣ «ይህን ያህል ሚሊዮን ብሮች» ይሉናል። ኧረ ተዉ! እናቴ ገበያ ወርዳ «የአምስት ብሮች ሽንኩርት ስጪኝ» ብላ አታውቅም። በአማርኛ ቁጥሩ ከፊት ከተቀመጠ ብር ብር ነው፣ ኪሎም ኪሎ። («አዳዲሶቹ ብሮች» ቢባል አልጣላም፤ ወረቀቶቹን ማለት ነው።) የዐረብኛው ጽሑፍ ከ3 እስከ 10 አብዝቶ ከ11 ጀምሮ ወደ ነጠላ ይመለሳል፤ ያ የእሱ ሕግ ነው። የእኛ ገንዘብ በጃንሆይ ዘመን በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛ «ዶላር» ተብሎ ይታተም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1976 ወዲህ በእንግሊዝኛም ብር ሆነ፤ መቶ ብሩን ገልብጣችሁ እዩት፣ እንግሊዝኛው እንኳ የብዙ ቁጥር ኤስ አልቀጠለበትም። ፈረንጁ ቋንቋ የተወውን ካድሬው ይቀጥላል!

«ብሮች» ጆሮ ያቆስላል እንጂ ኪስ አያወልቅም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መተማ ላይ «ስድሳ ጆንያ ሰሊጥ» የሚል ውል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁለት ፊርማ፣ ሦስት ምስክር አለበት፣ ኪሎ ግን የለበትም። ጆንያ ደግሞ እንደ ሞላዩ ነው። በየመጋዘኑ በር ላይ ኩንታሉ፣ ቀንጣሩ፣ ረጥሉ ስንት ኪሎ እንደሆነ የሚናገር አንድ ሰሌዳ ለመስቀል ስንት ስብሰባ ያስፈልጋል? ውሉስ ላይ ከጆንያው ጎን ኪሎው ሳይሞላ ማኅተም የሚመታው ለምንድን ነው?