በሥራ ላይ ስለሚመጣ ኀዘን

የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ፥ ባሕር ሳይደርስ በአፋምቦ በኩል አልፎ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ወደዚህ ወደ ወንዙ መጨረሻ የሚላከው የመንግሥት ሠራተኛ የደጋ ሰው የሆነ እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ጓዙን ሳይፈታ የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል። ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉት፥ ሙቀቱና የዘመድ ርቀት ነው ይላል።

ይህ ሐሰት አይደለም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ከቆርቆሮ ክዳን በታች ተቀምጦ መዝገብ ማገላበጥ ቀላል ነው የሚል ቢኖር፥ አፋምቦን ያላየ ነው። ንጹሕ ውሃ፥ መኖሪያ ቤት፥ በጊዜው የሚከፈል ደመወዝና የበረሃ አበል የላኪው መሥሪያ ቤት ዕዳ ነው፤ ዕዳውን ሳይከፍል «ታገሥ» የሚል አለቃ ምክሩን ለራሱ ያስቀምጠው።

ነገር ግን ከዚህ ሌላ ሠራተኛው በገዛ እጁ የሚሠራው ኀዘን አለ። አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ የሚባል ሥርዓት አላቸው። ቆመው ስለ ዝናቡ፥ ስለ ግጦሹ፥ ስለ ከብቱና ስለ ሰው ደኅንነት ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ የሰማውም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ወሬ እንዲህ በሚከበርበት አገር ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሰላምታውን እንኳ ያልተማረ ሰው ብቸኝነት በዛብኝ ቢል፥ ብቸኝነቱን ማን አመጣበት? በሩን የዘጋችው ፀሐይ አይደለችም። ሽማግሌዎቹን አልጠየቀም፤ ማታ ማታ ከአገሩ ልጆች ጋራ የሚጫወተውም ስለ ዝውውር ብቻ ነው።

ጉዳቱ በእርሱ ብቻ ቢቀር ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ ብዙ የአፋር ወረዳዎችን አጥለቀለቀ። እንዲህ ባለ ቀን የትኛው መንደር በረባዳ እንዳለ፥ የትኛውም ቤት አቅመ ደካማ እንዳለበት የሚያውቅ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ልቡ አዲስ አበባ የቀረ ሰው ይህን ከወዴት ያውቃል?

በ1902 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲገር በ1926 ዓ.ም. በአውሳ ሱልጣን ፈቃድ አዋሽን ተከትሎ እስከ አቤ ሐይቅ ደርሷል። ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነበር። ርግጥ ነው፥ መንገደኛና ነዋሪ አንድ አይደሉም፤ እርሱ ወዶ ሄደ፥ ሠራተኛው ግን ታዞ ነው።

ለታዘዘ ሰው የሚስማማው ምሳሌ ነቢዩ ዮናስ ነው። ነነዌ ከዳነች በኋላ ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ዳስ ሠርቶ ተቀመጠ፤ ቅሊቱ በደረቀች ጊዜ ፀሐይ ራሱን መታው፥ ሞትንም ተመኘ። እግዚአብሔር ፀሐዩን አላበረደለትም፤ ቍጣው የተገባ እንደ ሆነ ጠየቀው እንጂ። በከተማይቱም ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች እንዳሉ አሳሰበው። ዮናስ ምን ብሎ እንደ መለሰ መጽሐፉ አይናገርም።

የአፋምቦውም ሠራተኛ ማመልከቻውን ቢጽፍ የሚከለክለው የለም። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ግን ባለጉዳዩ በየማለዳው ከበሩ ቆሞ ይጠብቀዋል።