«ጥሩ ሰው ነው፤ ግን አያሸንፍም»

የአሜሪካ ፕራይመሪ (ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበት ምርጫ) በተቃረበ ቁጥር ደሜን የሚያፈላው ንግግር ይህ ነው። በአሌክሳንድሪያ ቡና ቤቶች እሰማዋለሁ፤ በሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤቶች እሰማዋለሁ፤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም እሰማዋለሁ። ተናጋሪው ዕጩውን አይጠላውም። ስለ ጤና መድን በሚለው ይስማማል፣ ስለ ጦርነት በሚለው ይስማማል፣ ስለ ስደተኛ ሲናገር ደግሞ ልቡ ይሞቃል። ድምፁን ግን ለሌላ ይሰጣል። ለምን ስትሉት ስለ ራሱ አንዲት ቃል አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ በዊስኮንሲንና በፔንስልቬንያ ስለሚኖር፣ በዓይኑ አይቶት ስለማያውቀው ነጭ ሠራተኛ ነው። «እኔማ በመረጥኩት ነበር፤ እነሱ ናቸው የማይመርጡት።»

ይህን ብልህነት ነው ብዬ አልቀበልም፤ የራስን ድምፅ ለማያውቁት ሰው አስረክቦ መውጣት ነው። በኖቬምበር ዋናው ምርጫ ሲመጣ በተግባር የሚቀርቡልን ሁለት ስሞች ናቸው። ያን ጊዜ የባሰውን ለመከልከል ያልወደዱትን መምረጥ ግድ ሊል ይችላል፤ አድርጌዋለሁ፣ ነገም አደርገዋለሁ። ፕራይመሪ ግን ሌላ ነገር ነው። ገንዘብ የሌለው፣ የፓርቲ ሹም የማያውቅ ተራ መራጭ «እኔ የምፈልገው ይህን ነው» ብሎ ፓርቲውን የሚያዝበት ቀን እሱ ነው። ያን ቀን በግምት ያባከነ ሰው ቀጣዮቹን አራት ዓመታት «ፓርቲው አይሰማኝም» ቢል ምን መልስ ይሰጠዋል? የሚፈልገውን መቼ ነገራቸውና!

ግምቱ ቢያንስ የሚሠምር ቢሆን ባልተቆጣሁ። እ.ኤ.አ. የ2004ቱን የዴሞክራቶች ፉክክር እንመልከት። ሃዋርድ ዲን የሕክምና ዶክተር፣ የቨርሞንት አገረ ገዥ የነበረ ሰው ነው። የኢራቅን ጦርነት ከጅምሩ ተቃወመ፤ በኢንተርኔት ከትናንሽ ለጋሾች ገንዘብ ሰበሰበ፤ በ2003 መጨረሻ ላይ ከሁሉም ፊት ነበር። የፓርቲው ተራ አባል በጦርነቱ አንጀቱ ቆስሎ ስለነበር የሚናገርለት ሰው አገኘ። ከዚያ ያ የተለመደ ሹክሹክታ መጣ፤ ዲን ፕሬዚዳንት ቡሽን አያሸንፍም፣ ችኩል ነው፣ ግራ ያበዛል። ጆን ኬሪ ግን የቬትናም ጀግና ነው፤ የብር ኮከብ፣ የነሐስ ኮከብና ሦስት የቁስለኛ ሜዳሊያ አለው፤ ቡሽ «የጦር አዛዥ ነኝ» ሲል ኬሪ ደረቱን ያሳየዋል ተባለ። በጃንዋሪ 19 በአይዋ ኮከስ ኬሪ 38 በመቶ አገኘ፤ ዲን 18 ላይ ቀረ። «ከዲን ጋር ተዋወቅን፣ ከኬሪ ጋር ተጋባን» የሚል መፈክር ደረታቸው ላይ ለጥፈው የሄዱ ነበሩ። ልባቸው የት እንደነበር ራሳቸው ጽፈውታል።

ከዚያስ? በኦገስት የኬሪ ተቃዋሚዎች የመቱት ያንኑ ሜዳሊያ ነው። ጥቂት የቬትናም ዘማቾች በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ወጥተው ጀግንነቱን ውሸት ነው አሉ፤ የተመረጠበት ምክንያት የሚደበደብበት ምክንያት ሆነ። ስለ ጦርነቱም አጥርቶ መናገር አልቻለም፤ በኦክቶበር 2002 ጦርነቱን የፈቀደውን ውሳኔ በእጁ ደግፎ ነበርና። ኦሃዮን በ118 ሺህ ድምፅ ያህል ተነጠቀ፣ ከኦሃዮ ጋር ዋይት ሃውስንም። ዲን ቢሆን ያሸንፍ ነበር አልልም፤ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የምለው ይህን ነው፦ እነዚያ መራጮች እምነታቸውንም ሰጡ፣ ድሉንም አጡ። ልጆች ኢራቅ ውስጥ በሚሞቱበት ዓመት ጦርነቱን የሚቃወመው ግማሽ አገር በዋናው ምርጫ አፍ አልነበረውም። የዚህ ዕዳ እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

ሪፐብሊካኖቹም ከዚህ በሽታ ነፃ አልነበሩም። በ1980 ሮናልድ ሬገን 69 ዓመቱ ነበር፤ የሆሊውድ ተዋናይ፣ ቀኝ አክራሪ ይባል ነበር። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በዚያው ዓመት ማርች ላይ ሬገን ሊያሸንፍ አይችልም ብሎ በይፋ ተናገረ። ከዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ካርተር ወገን የነበሩ ሰዎችም ተፎካካሪያቸው ሬገን እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። ሬገን 44 ግዛቶችን ጠራርጎ ወሰደ። ከዚህ ማንም ትምህርት አልወሰደም። በኤፕሪል 2015 በሂላሪ ክሊንተን ዘመቻ ዙሪያ የተጻፈ፣ በኋላ አፈትልኮ የወጣ ሰነድ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ፣ ቴድ ክሩዝና ቤን ካርሰን ጎልተው እንዲታዩ፣ መገናኛ ብዙኃንም እንደ ቁምነገረኛ ዕጩ እንዲይዟቸው ይመክራል። «የማያሸንፍ» ባላጋራ መርጠው ተመኙ፣ የተመኙትን አገኙ፣ በእሱም ተሸነፉ። ከእነዚህ በላይ የምርጫ ሊቅ የለም ተብሎ ደሞዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው። እነሱ ያልቻሉትን ሟርት እኛ በአንድ ስኒ ቡና ልንችለው?

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «አያሸንፍም» የሚለው ቃል ስለ ዕጩው ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ክርክር ነው ብዬ በታገሥኩ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ስለ ቆዳ ነው፤ ስለ ጾታ ነው፤ ስለ ስም ነው። በ2007 እዚሁ ቨርጂኒያ የማከብራቸው አንድ አዛውንት፣ ዕድሜያቸውን በታክሲ መሪ ላይ የጨረሱ ሰው፣ ለባራክ ኦባማ ስንሯሯጥ ሲያዩን «ልጆቼ፣ ነጭ ለጥቁር ድምፅ አይሰጥም፤ በከንቱ አትድከሙ» ይሉን ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ከመከራ የተማሩት ነበር። የሚኖሩባት ቨርጂኒያ ግን በ1989 ዳግላስ ዋይልደርን፣ የባሪያ ልጅ ልጅ የሆነውን ጥቁር፣ አገረ ገዥ አድርጋ መርጣ ነበር። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያንም በ2007 ኦባማን እየወደዱ ከሂላሪ ጋር የቆዩት በዚሁ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱን የሰበረው የቴሌቪዥን ተንታኝ አይደለም። ከዐሥሩ ነዋሪ ከዘጠኝ በላዩ ነጭ የሆነባት አይዋ በጃንዋሪ 3 ቀን 2008 ወጥታ ኦባማን አንደኛ አደረገችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳውዝ ካሮላይና 55 በመቶ ሰጠችው። በኖቬምበር ቨርጂኒያ ከ1964 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዴሞክራት ድምፅ ሰጠች። ነጩ ይመርጠዋል፣ አይመርጠውም የሚለው ክርክር የተዘጋው የአይዋ ሰው ስለ ሌላው መገመቱን ትቶ የራሱን ምርጫ ሲያደርግ ነው።

ዛሬ ተራው የሴቶች ሆኗል። ካማላ ሃሪስ በ2024 ከተሸነፈች ወዲህ «ሴት ሁለት ጊዜ ተሞክራለች፤ በቃ፣ ይህ አገር ሴት አይመርጥም» የሚል ፍርድ በየጠረጴዛው ይሰጣል። ይህን የሚሉት ሴት ጠሎች ብቻ ቢሆኑ ባልገረመኝ። ሴት ልጆቻቸውን ሕክምናና ሕግ የሚያስተምሩ አባቶች ይሉታል። እናቶችም ይሉታል። እስቲ እንቁጠር፦ ሞንዴል በ1984 ተሸነፈ፣ ዱካኪስ በ1988፣ ዶል በ1996፣ ጎር በ2000፣ ኬሪ በ2004፣ ማኬይን በ2008፣ ሮምኒ በ2012። ሁሉም ነጭ ወንዶች ናቸው። ከእነዚህ ሽንፈቶች በኋላ «ነጭ ወንድ ተሞክሮ አልሆነም» ያለ አንድ ሰው አለ? ሂላሪ ክሊንተን በ2016 ከትራምፕ በ2.8 ሚሊዮን የሚበልጥ የሕዝብ ድምፅ አግኝታ በኤሌክቶራል ድምፅ ወደቀች፤ ሃሪስ ፕራይመሪ ሳይደረግ፣ ምርጫው ሦስት ወር ከምናምን ሲቀረው ገብታ ተሸነፈች። የወንዱ ሽንፈት የራሱ ሆኖ ይቀራል፤ የሴቷ ሽንፈት የሴት ሁሉ ይሆናል። አድሎ ማለት ይህ ነው። የሚያስፈራውም ማንም «አድሎው የእኔ ነው» አለማለቱ ነው፤ ሁሉም በሌላው ላይ ያላክካል። እያንዳንዱ ጎረቤቱን እየፈራ ድምፁን ቢነፍጋት፣ በመንደሩ አንድም ሴት ጠል ሳይኖር ሴቲቱ ትሸነፋለች።

ፍርዱን መጀመሪያ የሚያወጣው ማን እንደሆነም እንወቅ። ምርጫው ገና ዓመት ሲቀረው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ይወጣል፤ ያኔ የሚለካው በአብዛኛው ስሙን ማን ሰምቷል የሚለው ነው። ስሙ የታወቀው ቀዳሚ ይባላል፤ ቴሌቪዥኑ ለቀዳሚው ሰዓት ይሰጣል፤ ባለጸጋው ለጋሽ ቴሌቪዥን ያየለትን ይረዳል። ያልተረዳው አይዋ ውስጥ ቢሮ መክፈት ያቅተዋል፣ ከዚያ «አላልናችሁም?» ይባላል። ጥናቱ ራሱ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ዱካኪስ ይመስክር፤ በጁላይ 1988 ከፓርቲው ጉባዔ በኋላ ጋለፕ አባት ቡሽን በ17 ነጥብ ሲመራ አሳየው፣ በኖቬምበር 40 ግዛቶችን አጣ።

የሚከራከሩኝ ሁልጊዜ 1972ን ያነሱብኛል። አዎ፣ ጆርጅ ማክገቨርን ዴሞክራቶች በልባቸው የመረጡት ሰው ነበር፣ 49 ግዛቶችንም አጣ። ፓርቲው ከዚያ ደንግጦ የፓርቲ ሹማምንት ያለ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡበትን ሥርዓት አበጀ። ሥርዓቱ መጀመሪያ በሠራበት በ1984 ፓርቲው ጌሪ ሃርትን ትቶ የታወቀውን፣ የተፈተነውን፣ ሠራተኛ ማኅበራት የቆሙለትን የቀድሞ ምክትል ፕሬዚዳንት ዋልተር ሞንዴልን አቀረበ። ሞንዴልም 49 ግዛቶችን አጣ። ያው 49!

ከዚህ የሚከብደኝ ክርክር የዴላዌር ነው። በ2010 ሪፐብሊካኖች ማይክ ካስልን፣ አገረ ገዥም የኮንግረስ አባልም የነበረውን ሰው፣ ጥለው ክሪስቲን ኦዶኔልን ለሴኔት አቀረቡና በእጃቸው የነበረ የሚመስል ወንበር አመለጣቸው። በ2012 በሚዙሪ ደግሞ ዴሞክራቷ ክሌር ማካስኪል ደካማ ባላጋራ እንዲገጥማት በራሷ ዘመቻ ገንዘብ ቶድ ኤኪንን በሪፐብሊካኖች ፕራይመሪ አጎላችው። ኤኪን ስለ ተደፈሩ ሴቶች የተናገረው ነገር አገር አስቆጥቶ ተሸነፈ። እንግዲህ የዕጩ ማንነት ምንም አያመጣም የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። ሰውየው አንደበቱን ይገዛል ወይ? ሥራውን ያውቃል ወይ? ጥያቄ ሲከብደው ይቆማል ወይስ ይወድቃል? እነዚህን አይቼ መፍረድ እችላለሁ፣ ከእኔ ፊት ናቸውና። «የማላውቀው ሰው ቆዳውን ይወድለት ይሆን?» የሚለው ግን ከእኔ ፊት የለም።

ባይደንስ? ይሉኛል። በ2020 አይዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሸር ላይ አምስተኛ ወጥቶ፣ በፌብሯሪ 29 ሳውዝ ካሮላይና አነሳችው፤ ትራምፕንም አሸነፈ። የሳውዝ ካሮላይና ጥቁር መራጮች ሰውየውን ለዓመታት ያውቁት ነበር፣ ብዙዎቹ ይወዱትም ነበር፤ ያ ምርጫ ነው፣ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ከእነሱ በኋላ «የሚያሸንፈው እሱ ብቻ ነው» ብሎ በየግዛቱ የተከተለው ሕዝብ ግን የተማረው የተሳሳተ ትምህርት ነው። በአሪዞና፣ በጆርጂያና በዊስኮንሲን ያገኘው ብልጫ ተደምሮ 43 ሺህ ድምፅ አይሞላም፤ እንዲህ ካለ ድል ላይ የማይናወጥ ሕግ አይሠራም። እነሱ ግን ሠሩበት። በ2024 «ትራምፕን ያሸነፈ ሰው እሱ ብቻ ነው» ተብሎ ፕራይመሪው ለይስሙላ ሆነ፤ ስለ ዕድሜው የጠየቀ ሁሉ የጠላት አጋዥ ተባለ። ጁን 27 በክርክሩ መድረክ ላይ አገር ሁሉ ያየውን አየ፤ ጁላይ 21 ሰውየው ራሱን አገለለ። መራጩ ሳይጠየቅ ዕጩ ተተካ። የማሸነፍ ስሌት ምርጫውን ራሱን በላው። እኔ የምኖርበት ቨርጂኒያ በዚያ ዓመት ማርች ወር ፕራይመሪ ነበራት፤ በሚገባ የሚያከራክር አንድ ሰው እንኳ ከፊታችን ቢቆም ኖሮ ያን ድካም በማርች እናየው ነበር፣ ለመምረጥም ጊዜ ይኖረን ነበር።

ስለ 2028 ወሬው ከወዲሁ ተጀምሯል። አንድ ወዳጄ በቅርቡ የአንዲት አገረ ገዥ ስም ሳነሳ «ጎበዝ ናት፤ ግን አታሸንፍም» ብሎ ሊዘጋኝ ሞከረ። እንዲህ አልኩት፦ ወንድሜ፣ የታክስ ሐሳቧ አልጣመኝም በለኝ፣ እስኪመሽ እንከራከራለን። ስለ ኢሚግሬሽን የፈረመችው ሕግ ጎዳኝ በለኝ፣ እሰማሃለሁ። ሌላ የምትወደው ሰው ካለ ስሙን ንገረኝና ለምን እንደምትወደው አስረዳኝ፤ ልታሳምነኝም ትችላለህ። የዊስኮንሲኑን ሰው ግን ተወው፤ እሱ የራሱ ድምፅ አለው፣ ሲፈልግ ራሱ ይሰጣል። እኔ የጠየቅኩህ ስለ አንተ ነው፤ አንተ ማንን ትፈልጋለህ?